ማክሰኞ ማታ ምን ይበላል?

ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ ወይም ወደ አየር ጤና ታክሲ ተሰልፎ የሚጠብቅ ሠራተኛ ቤቱ ሲገባ ብዙ ጊዜ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል አልፏል። ልጆች ርቧቸዋል፤ ነገ ጠዋት ደግሞ በአሥራ ሁለት ሰዓት መነሣት አለ። በዚህ ሰዓት «ምን እንብላ?» ተብሎ ከተጠየቀ መልሱ የታወቀ ነው፤ ወይ ዳቦ በሻይ፣ ወይ ሰፈር ካለው ምግብ ቤት ተጠቅልሎ የሚመጣ ጥብስ። ዳቦ በሻይ ነውር የለበትም፤ የሚሰለቸው በሳምንት አራቴ ሲሆን ነው። የምግብ ቤቱ ጥብስ ግን ደመወዝን ወር አጋማሽ ላይ የሚያገባድድ ልማድ ነው።

ከዚህ ለመውጣት ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው አዲስ አሠራር ከስልኩ ላይ መፈለግ ነው። ቪዲዮው ያማረ ነው፤ ቅመሙ ግን ሰፈር ሱቅ የለም፣ ልጆቹም አይበሉትም። እኔ የምመክረው ወደ ኋላ ማየትን ነው፤ ወደ አደጋችሁበት ቤት። እዚያም ቢሆን የት እንደሚታይ ማወቅ ያስፈልጋል። ትዝታ በዓል ይወዳልና፣ ማንንም «የእናትህ ምግብ ምን ነበር?» ብትሉት ዶሮ ወጥ ይላችኋል፤ ወይም የመስቀል ክትፎ፣ ወይም የገና ጥብስ። እነዚህ ከዋዜማው ጀምሮ ጎረቤት ተጠርቶ የሚሠሩ ናቸው። በዓመት ውስጥ በዓል ያልሆኑ ከሦስት መቶ በላይ ምሽቶች አሉ፤ እናታችሁ በእነዚያ ሁሉ ምሽቶች አብልታችኋለች። ከሥራ፣ ከገበያ ወይም ከእርሻ ደክሟት ገብታ ምን አበላቻችሁ? ለማክሰኞ ማታ የሚጠቅማችሁ ያ ነው።

እንግዲህ እናታችሁን፣ አክስታችሁን ወይም ታላቅ እኅታችሁን ስታገኙ «ዶሮ ወጥ አሠራሩን ንገሪኝ» አትበሉ። «ደመወዝ ሳይደርስ ምን ትሠሪልን ነበር?» በሉ። «ጋዝ ያለቀ ቀንስ? አባባ አምሽቶ ሲመጣ ምን ይቀርብለት ነበር? ክረምት ላይ፣ ብርድ ብርድ ሲለን?» እንዲህ ሲጠየቁ የተረሳ ሁሉ ይወጣል። ከአንዱ ቤት ቀጠን ያለ ሽሮ ፈሰስ በቃሪያ ይወጣል። ከጉራጌ ቤት ጎመንና አይብ ከቆጮ ጋር ይወጣል። ኮንሶ ያደገ ሰው ከማሽላና ከሽፈራው ቅጠል የሚሠራውን ኩርኩፋ ያስታውሳል፤ የምሥራቅ ትግራይ ሰው ከገብስ ዱቄት እየተድቦለቦለ ወጥ ውስጥ የሚነከረውን ጥህሎ። የወለጋ ወይም የሸዋ ኦሮሞ ቤት ልጅ ደግሞ ጠዋት ብቻ ይበላል ብለን የያዝነውን ጨጨብሳና ቂንጬ ማታም በልቶ አድጓል። ቂንጬ ለምን የቁርስ ብቻ እንደሆነ እኔ አይገባኝም። የተከካው ስንዴ ካለ በግማሽ ሰዓት ይደርሳል፤ ማታ በእርጎ ሲበላ ሆድ አይከብድም።

ከዚህ ውይይት ሰባት ወይም ስምንት ስም ከወጣ ይበቃል። ቤተሰብ ከዚያ በላይ አያስፈልገውም፤ አብዛኛው ቤት ሳያውቀው የሚሽከረከረው በዚያው ቁጥር ውስጥ ነው። ስሞቹን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉ። የታይታ ምግብ አትጨምሩበት።

አሁን ወደ ድስቱ እንምጣ። የአገራችንን ወጥ በሥራ ቀን የሚያከብደው ሽንኩርቱ ነው። ሽንኩርት ከመቶ ዘጠና ያህሉ ውሃ ነው። ተልጦ 3 ኪሎ የሚመዝን ሽንኩርት ድስት ውስጥ ሲገባ ከ2 ኪሎ ተኩል በላይ ውሃ አብሮ ገብቷል ማለት ነው፤ ወጡ የሚጣፍጠው ከዚያ ውሃ አብዛኛው ሲተን ነው። ይህን ምንም ጥበብ አያሳጥረውም። እሳቱን ብታበረቱት ዳር ዳሩ አርሮ መሐሉ ጥሬ ይቀራል። ማክሰኞ ማታ የሚሠራ ወጥ «ሽንኩርት ሽንኩርት» የሚለውም ጊዜው ስለማይበቃ ነው፤ የሠሪው እጅ አይደለም ጥፋተኛው። ስለዚህ ጊዜ የሚበላውን ሁሉ እሁድ ጨርሱ፤ ማታ የሚቀረው ጣዕሙን መምረጥ ብቻ ይሁን።

እሁድ ከሰዓት፣ ከእሁድ ገበያ ወይም ከጉልት የተገዛውን 3 ኪሎ ሽንኩርት ቤት ያለ ሰው ሁሉ ይላጥ፣ ይክተፍ። «ወንድ ማጀት አይገባም» የሚለው አባባል በሦስት ኪሎ ሽንኩርት ፊት ቢቀርብ ደስ ይለኛል፤ አንድ ሰው ብቻውን ሲከትፍ ከሰዓቱን ሙሉ የሚያነባበት ሥራ ለሦስት ሰው የጨዋታ ሰዓት ነው። ደቀቅ ይበል። ብሌንደር ያለው ቢፈጨው ይቻላል፤ ነገር ግን ውሃ አይጨምርበት። ግርጌው ወፍራም የሆነ ድስት ላይ ያለ ዘይት ይጣድ፣ ጨው ቆንጠር ይደረግበት፣ እሳቱ መካከለኛ ይሁን።

መጀመሪያ ላይ ይንጫጫል፣ እንፋሎቱ ዓይን ያቃጥላል፣ ከሥሩ ውሃ ያንቆረዝዛል። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ድምፁ ይቀንሳል፤ ሽንኩርቱ ነጭነቱ ጠፍቶ መስታወት መስታወት ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ከድስቱ መራቅ የማይገባው። ውሃው አልቆ ማማሰያው ሲጎተት የድስቱ ግርጌ ለአፍታ ታይቶ ካልተሸፈነ፣ ሽታውም ከሚያቃጥል ወደ ጣፋጭ ከዞረ ደርሷል። ሁለት የቡና ሲኒ ዘይት አሁን ይገባል። አስቀድሞ ቢገባ ሽንኩርቱ ውሃውን ሳይጨርስ በዘይት ይጠበሳል፤ ጣዕሙም ሌላ ነው።

እዚህ ላይ ድስቱን ለሁለት ክፈሉት። አንደኛው ግማሽ የአልጫ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ትንሽ እርድ ገብቶበት አሥር ደቂቃ ቆይቶ ይወጣል። በሁለተኛው ላይ ከ5 እስከ 6 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ይጨመራል፤ ቶሎ ስለሚያርር ወዲያው ሙቅ ውሃ ጠብ ጠብ ይደረግበታል፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ሌላ ግማሽ ሰዓት ይንተከተካል። ዘይቱ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ በቅቶታል።

ቅቤ እንዳታስገቡ። ኮረሪማና መከለሻም ይቆዩ፤ ሽታቸው በመቆየትና በመሞቅ ይሸሻል፣ የሚገቡት ወጡ ሊወርድ ሲል ነው። የእሁዱ ቁሌት በዘይት ብቻ ከተሠራ ረቡዕና አርብ ለጾም ይሆናል፤ ሐሙስ ደግሞ የሚፈልግ ሰው ሲወርድ ቅቤ ጣል ያደርግበታል። ቅቤ የገባበት ቁሌት ግን ከጾም ቀን ጋር ሲገጥም ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ ያያችኋል።

ከዚህ ሁሉ ለአራት ሰው የሚበቃ ከ5 እስከ 6 ራት ይወጣል። በሰፊ ትሪ ላይ አስፍታችሁ አቀዝቅዙት፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ መግባት አለበት፣ በድስቱ ውስጥ እንዳለ ተከድኖ አይደር። ከሦስት እስከ አራት ቀን የሚበላው ፍሪጅ ውስጥ፣ የቀረው ፍሪዘር ውስጥ ይግባ። ለፍሪዘር የሚሆነውን የአንድ ራት የአንድ ራቱን በላስቲክ አድርጋችሁ እንደ መጽሐፍ ጠፍጣፋ አድርጉት፤ ጠፍጣፋው ድስት ላይ ወዲያው ይሟሟል፣ ድቡልቡሉ ግን ውጭው እየተጠበሰ ውስጡ በረዶ ሆኖ ያስቸግራል።

ያው እሁድ፣ ጉልበት ከተረፈ፣ አንድ ድስት ጎመን ቀቅሎ ጨምቆ ማስቀመጥና አንድ ኪሎ አተር ክክ ወይም ሽምብራ መቀቀል ይጠቅማል። የአዲስ አበባ ሰው ጥራጥሬ አልበስል ሲለው እህሉን ያማል፤ ከተማው ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው፣ ውሃም እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ለዚህ ነው ፕሬሸር ኩከር አዲስ አበባ ውስጥ ዋጋውን የሚመልሰው፤ ድሬዳዋ ላለ ሰው ያን ያህል አስቸኳይ አይደለም። ቲማቲም የሚገባበት ከሆነ ጥራጥሬው ከበሰለ በኋላ ይግባ፤ የቲማቲም ኮምጣጣነት እንዳይለሰልስ ያደርገዋል። ቀይ ቦሎቄ የሚወድ ቤት ደግሞ ዘፍዝፎ ውሃውን ደፍቶ በአዲስ ውሃ በደንብ አፍልቶ ያብስለው፤ ጥሬነቱ ያልለቀቀው ቀይ ቦሎቄ ሆድ ክፉኛ ያውካል።

አሁን ማክሰኞ ማታ ነው። ክክ ምስር ታጥቦ ከቀዩ ቁሌት ጋር ሲጣድ፣ ልብስ ተለውጦ የልጆች የቤት ሥራ እስኪታይ ይደርሳል። ሽሮ ሲሆን አንድ ብርጭቆ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጥና አራት ብርጭቆ ያህል ውሃ ከቁሌት ጋር እየፈላ ባለበት ድስት ላይ ይፈስሳል፤ እንዲህ ከሆነ አይጓጉልም። ሃያ ደቂቃ ሳይንተከተክ አታውርዱት፤ ጥሬው ዱቄት ዱቄት የሚል ሽሮ ለሽሮ ስም ማጥፊያ ነው። ቋንጣ ካለ ትንሽ ቆራርጦ መጣል ቦዘና ያደርገዋል።

የበዓል ትዝታ ያስቸገረው ሰው ደግሞ እንቁላል ይቀቅል። ተቀቅሎ የተላጠ እንቁላል በቢላ ጫፍ ሰንጠቅ ሰንጠቅ ተደርጎ በቀዩ ቁሌት ውስጥ አሥር ደቂቃ ይንተክተክ፤ ሊወርድ ሲል መከለሻና የነጠረ ቅቤ ይግባበት። ዶሮ የለውም። ሽታው ግን ቤቱን የበዓል ያደርገዋል፤ በሥራ ቀን ይህን ያህል ደስታ ለሃያ ደቂቃ ሥራ ርካሽ ነው።

የተረፈ እንጀራ እንዳይጣል፣ ገና ሳይሻግት ቆራርጣችሁ አድርቃችሁ ድርቆሽ አድርጉት። ቁሌቱን በውሃ አቅጥኖ፣ አፍልቶ፣ ድርቆሹን አስገብቶ ሁለቴ ማገላበጥ ብቻ ነው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከዚህ የፈጠነ የቤት ራት አላውቅም። ፓስታም በዚያው ቁሌት ላይ አንድ ሁለት ቲማቲም ተጨምሮበት ይሆናል። ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ፓስታ በእንጀራ ጠቅልለን ስንበላ የሚስቅብን እንግዳ አለ፤ ይሳቅ፣ ልጆቼ የሚጠይቁት እሱን ነው። ጥብስ ግን ቁሌት አይፈልግም። ሥጋው በቀጭኑ ተቆርጦ በጋለ መጥበሻ ላይ ጥቂት ጥቂቱን ይጠበስ፤ አንድ ላይ ከታጨቀ ውሃ አውጥቶ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። የተቀቀለው ጎመን በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ሞቅ ይላል፤ በፍስክ ቀን ደግሞ ደቅቆ ተከትፎ ቅቤና ኮረሪማ ሲገባበት አይብ ከጎኑ ይቀመጥና ነገሩ ሌላ ይሆናል።

ረመዳን ላይ አካሄዱ ይለወጣል፤ ማፍጠሪያው ሾርባና ሳምቡሳ ስለሆነ የእሁዱ ሥራ የሳምቡሳውን ምስር ቀቅሎ ማስቀመጥ፣ የአጃውን ወይም የስንዴውን ሾርባ መረቅ ማዘጋጀት ነው። አልጫው ቁሌት የሾርባው መነሻ ይሆናል።

የጣዕም ጠብም አለ። ባል አልጫ ለምዶ አድጓል፣ ሚስት ካላቃጠላት አልበላሁም ትላለች፣ ልጅ ሁለቱንም አይፈልግም። ሁለት ወጥ መሥራት የሚባለውን መፍትሔ በሥራ ቀን እርሱት። ወጡ ለዘብ ይበል፤ እሳቱ ለብቻው ማዕድ ላይ ይቅረብ። ሚጥሚጣ፣ አዋዜ፣ የደቡቡ ዳጣ፣ የቃሪያ ስንግ፤ ከእነዚህ ሁለቱ ፍሪጅ በር ላይ ሁልጊዜ ካሉ ሁሉም ሳህኑን በልኩ ያቃጥላል። ለልጆች ደግሞ እርጎ ወይም አይብ ያለዝባል። የሁለት አገር ልጆች በተጋቡበት ቤት ይህ አሠራር ጣዕሙን ብቻ አይደለም የሚያስታርቀው፤ የአማት ጉብኝትንም ያቀልላል።

ከእናት የሚገኘውን አሠራር መጻፍ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ስልክ ተደውሎ «እማዬ፣ በርበሬው ስንት ማንኪያ ነው?» ሲባል መልሱ «እኔ በማንኪያ ለክቼ አላውቅም፤ ዓይንሽ ይንገርሽ» ነው። እውነቷን ነው፤ እሷ የምትለካው በእጇ ነው። ስለዚህ እቃውን ለኩት። ቤቷ ስትሄዱ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ይዛችሁ የበርበሬውን ጣሳ፣ የዘይቱን ጠርሙስ፣ የቅቤውን እቃ ከመሥራቷ በፊት መዝኑ፤ ስትጨርስ እንደገና መዝኑ። ልዩነቱ ልኳ ነው፤ አንድም ጊዜ «ቆይ እማዬ» ብላችሁ ሳታስቆሟት ታገኙታላችሁ። ርቃችሁ ያላችሁ ደግሞ «ስንት ደቂቃ?» ከማለት «ምን ሲሸት ነው የምታወርጂው? ማማሰያው ላይ ይጣበቃል ወይስ ይፈስሳል? ምን ዓይነት ድምፅ አለው?» በሉ። ደቂቃ ሲጠየቁ የሚገምቱ እናቶች ሽታና ድምፅ ሲጠየቁ በደንብ ይነግሯችኋል። ሌላም አለ፤ የእሷ በርበሬ ከእናንተ በርበሬ አይገናኝም። ያቺው በርበሬ እስካልተላከች ድረስ ልኩ ለእናንተ መነሻ ነው፤ ከሁለት ሦስት ድስት በኋላ በራሳችሁ አፍ አስተካክሉት።

መብራት የሚጠፋበት ከተማ ላይ ፍሪዘር ያስፈራል፤ ልክ ነው። የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ 48 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ግማሽ የሆነ 24 ሰዓት። ፍሪጅ ግን 4 ሰዓት ብቻ ነው። ባዶ የቀረውን የፍሪዘር ቦታ በላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሙሉት፤ ጠርሙሱ እስከ አፉ አይሞላ፣ ሲቀዘቅዝ ይፈነዳል። መብራት ሲጠፋ የሚበላው ከፍሪጁ ይጀመር። የተቀመጠ ምግብ እንደገና ሲሞቅ ለብ ማለቱ አይበቃም፤ እስኪንተከተክ ይቆይ። ሁለቴ ሞቆ የተረፈ ለነገ አይቀመጥ።

ራት ሲሠራ ድስቱ ለነገ ምሳ እቃም ይብቃ። ሥራ ቦታ ያለው ማሞቂያ ተራ የሚጠበቅበት ከሆነ፣ ወይም ጨርሶ ከሌለ፣ ሳይሞቅ የሚበላ መምረጥ ነው፤ ጎመን፣ የምስር አዚፋ በሰናፍጭ፣ የሽምብራ ንፍሮ። ቀዝቃዛ ሽሮ የሚወድ ሰውም አለ፤ እሱ ተባርኳል። እንጀራውን ከወጡ ለይታችሁ ያዙ።

ከአገር ውጭ ያላችሁ ሁለት ሦስት ነገር ይለያችኋል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ አፓርታማ ውስጥ በርበሬ ሲቁላላ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፤ መስኮት ከፍቶ፣ የምድጃውን የጭስ መሳቢያ አብርቶ፣ እሳቱን ዝቅ አድርጎ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ማቁላላት ጎረቤትንም ሳሎንንም ያተርፋል። በሩን ዘግታችሁ ካፖርቶቹን ከመስቀያው አንሡ፤ ሰኞ ቢሮ ውስጥ የሚያወራው ካፖርቱ ነው። እስራኤል ያሉ የካሽሩት ሥርዓት የሚጠብቁ ቤተሰቦች ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ስለማያቀላቅሉ በዘይት ብቻ የተሠራው ቁሌት ይመቻቸዋል፤ ለሥጋውም ለጥራጥሬውም ይሆናል፣ ቅቤው ሥጋ ለሌለበት ማዕድ ይቀመጣል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ለምትሠሩ ደግሞ ወጥ ቤቱም ፍሪጁም የራሳችሁ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ራት ስትሠሩ ውላችሁ የራሳችሁ የሚሠራው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ሊሆን ይችላል። ከቤት «ምን እንላክልሽ?» ስትባሉ ድርቆሽ፣ ምጥን ሽሮና በርበሬ በሉ። ሦስቱም ፍሪጅ አይጠይቁም። ምጥን ሽሮ ቅመሙ አብሮት የተፈጨ ስለሆነ ቁሌት ባይኖርም በውሃ፣ በዘይትና በአንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ይሆናል። እንጀራ ከጠፋም በሩዝ ላይ አፍስሱት፤ ድርቆሹን ለዕረፍት ቀናችሁ አቆዩት።